ሁለተኛው ጉብታ

ሟቹ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበሩ፤ ሞተውም ግንባራቸው እንደተቋጠረ ነው። ኢንስፔክተሩ አልጋው አጠገብ ቆሞ ሲያያቸው አርፍዶ የመጣ ተማሪ የሆነ መሰለው። እውነትም አርፍዷል። ሽማግሌው ያረፉት ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። ቤተሰቡ ዕድሜ ነው ብሎ ለቀብር ሲሰናዳ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ተጠርቶ ያያቸው ሐኪም እንዲህ ያለ ቁርጠት ዕድሜ አያመጣም አለና ፖሊስ ጠራ።

"ጌታዬ፣ ሁሉም ነገር በቦታው ነው። መስኮቱ ደህና፣ በሩ ደህና፣ ጫማቸው እንኳ ተወልውሎ ተቀምጧል። እኔ ብሞት ጫማዬን የሚያገኘው የለም" አለ ሳጅኑ። ጣቢያው ውስጥ ስሙ "ሬዲዮ" ነው፤ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው ሰው አልተገኘም።

ኢንስፔክተሩ መንጋጋውን በመዳፉ ደገፈ። አንድ የመንጋጋ ጥርሱ ሰሞኑን ሲጠዘጥዘው ስለከረመ፣ መናገር የሚጀምረው የግድ ሲሆንበት ብቻ ነው። ከአልጋው ራስጌ ያለችውን ትንሽ ጠረጴዛ ተመለከተ። አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ማንኪያና አንድ ትልቅ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አለ።

"ጨጓራቸው ስለማይችል ከወተት ሌላ እምብዛም አይቀምሱም ነበር" አለች በሩ ላይ የቆመችው የልጃቸው ሚስት። ቀጭን ሴት ናት፤ ዓይኗ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። አምስት ዓመት የሚሆናት ሴት ልጇ ሚጢ ቀሚሷን ጨብጣ ከኋላዋ ታጮልቃለች።

"ወተቱን የሚያዘጋጅላቸው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ሌላስ ሰው?"

"ማን አለና? ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ መንገድ ላይ ነው። እታለም፣ የእሳቸው ሴት ልጅ ማለቴ ነው፣ ለሥራ ሌላ ከተማ ከሄደች ሰነበተች። እኔና ሚጢ ብቻ ነን ያለነው።"

እንዲህ ያለ መልስ ሰውን የት እንደሚያደርስ ሴትየዋ አላወቀችም። ኢንስፔክተሩ ግን ስንቱን አይቷል። ገና ከወዲሁ ደከመው።

"ቆርቆሮውን አሽገው" አለው ለሬዲዮ። "ብርጭቆውንም።"

* * *

ፖሊስ የራሱ ላቦራቶሪ ስለሌለው ዱቄት ነክ ነገር ሲገጥመው ከከተማው ዳር ያለውን የማዕድን ላቦራቶሪ ይለማመጣል። እዚያ ቀኑን ሙሉ የሚመረመረው የወርቅ ፈላጊዎች ድንጋይ ነው። ባለሙያዋ በነጭ ጋውኗ ላይ ሹራብ ደርባ፣ በተፈጨ ድንጋይ በተሞሉ ከረጢቶች መሃል ብቻዋን ትሠራለች። ባልደረባዋ ሥራ ከለቀቀ ወዲህ በምትኩ ሰው አልመጣም።

"የእናንተን ነገር በምሳ ሰዓቴ ነው የሠራሁት፤ ውለታዬን አትርሱ" አለች። ወተቱን ከታች ስስ ፕላስቲክ በተወጠረባት ትንሽ ኩባያ ውስጥ አሳየቻቸው። "መሣሪያው ከሥር በኤክስሬይ ይመታዋል። ውስጡ ያለ ንጥረ ነገር ሁሉ ተመትቶ ዝም አይልም፤ እያንዳንዱ በየራሱ ጉልበት ጨረር ይመልሳል። ያ ነው እዚህ ጉብታ ሆኖ የሚወጣው።"

ስክሪኑ ላይ ዝቅ ዝቅ ብሎ የሚሄደው መስመር አንድ ቦታ ድንገት ሽቅብ ተነስቷል።

"ይቺ አርሴኒክ ናት" አለች በጣቷ እየነካች። "ብዙ ነው። ትንሽ አይምሰላችሁ።"

"እርግጠኛ ነዎት?" አለ ኢንስፔክተሩ።

"ወርቅ ፈላጊዎቹ ቀን ከሌት የሚጨቀጭቁኝ እሷን ፈልጊልን እያሉ ነው። በእኛ ድንጋይ አርሴኒክ ካለ ወርቅ ሩቅ አይደለም። ከልጆቼ ፊት ይልቅ ይቺን ጉብታ አውቃታለሁ።"

ሐኪሙም ሲጠየቅ፣ ይህን ያህል አርሴኒክ የጠጣ ሰው ቢበዛ ሁለት ቀን ነው የሚቆየው አለ። ሁለቱን ቀን እቤት የነበረችው ደግሞ ምራቲቱ ብቻ ናት። ሬዲዮ በደስታ እጁን አፋተገ። ሴትየዋ በማግስቱ ታሰረች።

* * *

"አርሴኒክ ምንድን ነው?" ስትል ጠየቀች በማረፊያ ክፍሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ።

"መርዝ ነው።"

"እኔ የማውቀው መርዝ በረኪና ነው" አለችና ቆየት ብላ፣ "ሚጢ ማን ጋ ናት?" አለች።

"አክስቷ ለቀብር መጥታለች። እሷ ጋ ናት።"

"እፎይ። እታለም ካለች ሐሳብ የለብኝም። ከእኔ ይልቅ እሷን ነው የምትወደው።"

"ከሽማግሌው ጋር ትጣሉ ነበር?"

"ከአባባ ጋር ያልተጣላ ማን አለ? በር ጮኸ፣ ማንኪያ ተንኳኳ፣ ልጅ ሳቀች። የእኛም ቤት ደወል ቀረው እንጂ ትምህርት ቤት ነበር።" ፈገግ ልትል ሞከረችና ተወችው። "ግን ሰሞኑን እንደ ሕፃን ሆነው ነበር። ብርጭቆውን እኔ ነበርኩ የምይዝላቸው። በእጄ ይዤ የማጠጣውን ሰው እንዴት እገድላለሁ?"

ሰው ገድለው እንባቸውን እንደ ቧንቧ የሚለቁ አጋጥመውታል፤ ይቺ ግን አታለቅስም። የሚከነክነውም ይኸው ነው።

* * *

አርሴኒክ ከየት መጣ? ሬዲዮ የሰፈሩን ሱቅ ሁሉ አዳርሶ የጸረ ተባይ መድኃኒት ነጋዴውን አመጣለት። ነጋዴው ወፍራም፣ ላብ በላብ የሆነ ሰው ነው፤ ግድግዳው ከሟቹ ግቢ ጋር ይዋሰናል፤ በግድግዳው ሲካሰሱ ኖረዋል። ይህ አልበቃ ብሎ በልጅነቱ ዲሬክተሩ ከትምህርት ቤት አባረውታል።

"እና ለዚያ ብዬ ልግደላቸው?" አለ ነጋዴው። "በጉማሬ አለንጋ ሲገርፉኝ ያልገደልኳቸውን፣ አሁን ሦስት ልጅ ወልጄ፣ ስኳር በሽታ ይዞኝ? አርሴኒክ ያለበት ነገር መሸጥ ከተከለከለ ስንት ዘመኑ! ያውልህ ሱቁ፣ ገልብጠህ እየው።"

ገለበጡት። የአይጥ መርዙም፣ የምስጡም፣ የቁንጫውም ወደ ላቦራቶሪ ሄደ። አንዱም አርሴኒክ አልነበረበትም፤ ባለሙያዋም አንድ ሙሉ ቀን አባከናችሁብኝ ብላ በስልክ አምባረቀች። በዚያ ላይ ነጋዴው ሳምንቱን ሙሉ እህቱ ዘንድ ሰርግ ላይ ነበር፤ የሚመሰክርለት አዳራሽ ሙሉ ሰው አለው።

ሊሄዱ ሲሉ ነጋዴው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እውነቱን ልንገርህ፣ አሳዝነውኝ ነበር። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ከዘራ እንኳ መጨበጥ አቅቷቸው፣ እጃቸው ከአንጓው እንዲህ ተንጠልጥሎ ነበር። ያ ስንቱን ያስለቀሰ እጅ!"

ኢንስፔክተሩ አመስግኖት ወጣ። ነገሩ ግን ጥርሱ ውስጥ እንደገባ ሥጋ ሆነበት።

* * *

እታለምን ያገኛት የሐዘኑ ሦስተኛ ቀን አልፎ በተመለሰችበት የሥራ ቦታዋ፣ ሳህንና ኩባያ በሚሠራ የሸክላ ዕቃ ማምረቻ ውስጥ ነው። እሷ ዕቃው እሳት ከመግባቱ በፊት የሚነከርበትን የሚያብረቀርቅ ቅብ ትበጠብጣለች። አርባውን ያለፈች፣ ትከሻዋ የጎበጠ ሴት ናት። አፏን በጨርቅ ሸፍናለች፤ ዙሪያዋን ነጫጭ ዱቄት የያዙ ባልዲዎች ተደርድረዋል። ኢንስፔክተሩን ስታይ ጨርቁን ወደ አገጭዋ አወረደችና በርጩማ አቀበለችው።

የት እንደነበረች አስቀድሞ ተጣርቷል። አባቷ ሲታመሙም፣ ሲሞቱም፣ ሌላ ከተማ ኤግዚቢሽን ላይ ከባልደረቦቿ ጋር ነበረች። አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያደሩት፤ አንዲትም ሌሊት አልተለየቻቸውም።

"ምራታችሁ ትገድላለች ብለው ያምናሉ?" አላት።

"እሷ?" እታለም ቅብ የነካውን ጣቷን በሽርጧ ጠረገች። "እኔ እንጃ። ሰው ሲደክመው የሚሆነውን ማን ያውቃል።"

"እርስዎስ አልደከመዎትም?"

እንዲህ ተጠይቃ የምታውቅ አትመስልም። "እናቴን አስታመምኩ። እሷ ስታርፍ አባባን ያዝኩ። አንድ ሰው ሊያገባኝ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ገና በር ላይ ሳሉ አባባ፣ 'ልጄ ሥራ አላት' ብለው መለሷቸው። ወንድሜ ሲያገባ እንግዲህ ተራው የሌላ ነው አልኩ። እሳቸው ግን ምራትን አላምንም አሉ። ቤት የምታበስለው እሷ፣ ገበያ የምወጣው እኔ፤ ተከፋፈልነው።" ሳቅ አለች። "ሚጢ ባትኖር ኖሮ እብድ ነበር የምሆነው። ማታ ስገባ በር ላይ ትጠብቀኛለች።"

ኢንስፔክተሩ ወጥቶ ፀሐዩ ላይ ቆመ። ከባለቤቱ ታላቅ እህት ጋር ተመሳሰለችበት፤ እሷም እንዲሁ ሰው ስታስታምም ነው ያረጀችው።

* * *

የሟቹ ልጅ፣ ሹፌሩ፣ ሚስቱ በታሰረች በአምስተኛው ቀን ጣቢያ መጥቶ ከኢንስፔክተሩ ፊት ቁጭ አለ። ቀብሩ አልፎታል። ተፈቅዶለት ሚስቱን አይቷት መውጣቱ ነው።

"እሷ ዝንብ እንኳ ሳትገድል በመስኮት የምታስወጣ ሴት ናት" አለ። "አሁን ደግሞ ሚጢ። እግዜር ምን አድርጌው ነው?"

"ሚጢ ምን ሆነች?"

"ሆዴን ትላለች፣ ታስመልሳለች። ፊቷ አመድ መስሏል። እታለም ሐኪም ቤት ይዛት ሄዳለች።"

ሬዲዮ አፉን ሊከፍት ሲል ኢንስፔክተሩ ቆቡን አንስቶ ወጥቶ ነበር።

ሐኪም ቤቱ ውስጥ ያ ቁርጠት ዕድሜ አያመጣም ያለው ወጣት ሐኪም አገኘው። እንቅልፍ ካየ የሰነበተ ይመስላል።

"እንደ አያትየው ነው" አለ ሐኪሙ። "ግን ቆርቆሮውን ከወሰዳችሁ ስንት ቀን ሆነ? አርሴኒክ ከሆነ ወይ ያኔውኑ ይጥላታል፣ ወይ እስካሁን ይሻላታል። ይሄ የቆየ ነገር ነው የሚመስለው። ደሟን ልኬያለሁ፤ መልሱ እስኪመጣ ግን ልጅቷ ልትደክምብኝ ነው። መድኃኒቱን ልጀምር ብል ደግሞ ለየትኛው መርዝ? ለአንዱ የሚሰጠው ለሌላው አይበጅም።"

ኢንስፔክተሩ መንጋጋውን ደግፎ ነበር የሚሰማው።

"ምን ሆነዋል? እስቲ አፍዎን ይክፈቱ" አለና ሐኪሙ ባትሪውን አበራ። አየት አድርጎ ድንገት ቀጥ አለ። "ቆይ፣ ቆይ። ድድ!"

"ድዴ ምን ሆነ?"

"የእርስዎ አይደለም። እርስዎ ጥርስዎን ይነቀሉ። የሟቹ ድድ ጥርሳቸው ሥር ሥሩን በጥቁር መስመር የተከበበ ነበር። የትምባሆ ነው ብዬ አለፍኩት።"

"በሕይወታቸው አጭሰው አያውቁም" አለ ኢንስፔክተሩ። "እጃቸውም ከክረምት ጀምሮ ከአንጓው ተንጠልጥሎ ነበር ብሎኛል ጎረቤታቸው።"

ሐኪሙ ባትሪውን አጠፋ። "ይሄ አርሴኒክ አይደለም። እርሳስ ነው፣ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ከባዱ ብረት። ግን ላቦራቶሪያችሁ በጽሑፍ አርሴኒክ ብሎ እንዴት እኔ በግምት ለሕፃን መድኃኒት ልስጥ? ያረጋግጡልኝ። ዛሬውኑ።"

* * *

"መሣሪያው ሊሳሳት ይችላል?" አላት ኢንስፔክተሩ፣ በሩ ላይ እንደቆመ።

ባለሙያዋ በሹራቧ እጅጌ መነጽሯን ትጠርጋለች። "መሣሪያው አይሳሳትም። እዚህ ጉልበት ላይ ጨረር መጣልኝ፣ ይላል፤ ሌላ ነገር አይልም። ስሙን የምናወጣለት እኛ ነን።"

"እርሳስ ቢሆንስ ኖሮ ጉብታው የት ይወጣ ነበር?"

ልትመልስለት አፏን ከፈተች። ከዚያ መነጽሯን አደረገች፤ ስክሪኑ ፊት ሄዳ ቁጭ አለች፤ እሱንም፣ ከኋላው የቆመውን ሬዲዮንም ረሳች።

"እዚያው" አለች በመጨረሻ። "እዚያው ቦታ ነው የሚወጣው። የአርሴኒክ ትልቁ ጉብታና የእርሳስ ትልቁ ጉብታ አንዱ ባንዱ ላይ ነው የሚያርፉት። ይሄን ተማሪ ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ፤ አስተምሬዋለሁ እንኳ!"

"ታዲያ በምን ይለያሉ?"

"በሁለተኛው። እያንዳንዳቸው ትንሽ ራቅ ብሎ ሁለተኛ ጉብታ አላቸው። እሱ አይገናኝም። አርሴኒክ ቢሆን እዚህ ጋ አነስ ያለ ነገር ይታይ ነበር።" ጣቷ ስክሪኑ ላይ ተንሸራተተ። መስመሩ እዚያ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ነው። ጣቷ ወደ ቀኝ ቀጠለ። እዚያ ግን አንድ ጉብታ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ማንም ስም አልሰጠውም።

"የወርቅ ድንጋዮቻችን እርሳስ የላቸውም" አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። "ፕሮግራሙ እንዲፈጥንልን ከሚፈልጋቸው ስሞች ውስጥ እርሳስን አውጥተነዋል። ስለዚህ ያገኘውን ሁሉ አርሴኒክ ብሎ ሰጠኝ። እኔም ሁልጊዜ የምፈልገውን ስላገኘሁ ደስ ብሎኝ አለፍኩ። አንዲት ሴት በእኔ ታስራለች አይደል?"

"ታስራለች" አለ ኢንስፔክተሩ። ማጽናናት ነበረበት፤ ግን ጉልበት አጣ። "መጀመሪያ ለሐኪሙ ይደውሉለት። ልጅቷ ትቅደም።"

እየደወለች ሳለ እሱ ግድግዳውን ተደግፎ አሰበ። አርሴኒክ ከሆነ ጥያቄው፣ በሁለቱ ቀን እቤት ማን ነበር የሚል ነው። እርሳስ ከሆነ ግን ጥያቄው፣ ለወራት ቆርቆሮውን ማን ሲነካው ከረመ ነው። እቤት ያልነበረ ሰው ነጻ የወጣው በአርሴኒክ ነው። አርሴኒክ ደግሞ የለም።

"ሬዲዮ፣ ወደ ሸክላው ማምረቻ ሂድ። ከባለቤቱ አስፈቅደህ ከእነዚያ ነጫጭ ባልዲዎች ከእያንዳንዳቸው ማንኪያ ማንኪያ አምጣልኝ። ደግሞ በመንገድህ ለማንም ወሬ እንዳታወራ።"

"እኔ?" አለ ሬዲዮ፣ ልቡ የተሰበረ መስሎ።

* * *

ሚጢ ከነጭ አንሶላው ውስጥ ፊቷ ብቻ ነው የሚታየው። እታለም ልብሷን ልታመጣ ወደ ቤት ሄዳለች። ኢንስፔክተሩ ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጠ፤ የራሱ ልጆች ካደጉ ቆይተዋልና ለሕፃን ምን እንደሚባል ጠፋበት።

"አባባ ይወዱሽ ነበር?"

"አዎ። አንዳንዴ ግን ይቆጡኛል።"

"ወተታቸውን ያጠጡሽ ነበር?"

ሚጢ በሩን አየች። "የአባባን ወተት መንካት አይቻልም። እማዬ ትመታኛለች።"

"አልነግራትም።"

"እሳቸው ናቸው የሚሰጡኝ። እማዬ ስትወጣ የታችኛውን ይተዉልኛል። 'ነይ፣ የኔ ተማሪ፣ ጨርሺው' ይሉኛል።" ምላሷን አወጣች። "የታችኛው ነው የሚጣፍጠው።"

ኢንስፔክተሩ አንገቱን ደፋ። ያ ዱቄት ከባድ ነው፤ ብርጭቆ ውስጥ ይዘቅጣል። ሽማግሌው በዘመናቸው ሁሉ ለሰው ያላሳዩትን ፍቅር ከብርጭቆው ሥር ለዚች ልጅ ሲያስቀሩላት ኖረዋል፤ ያስቀሩላት ደግሞ መርዙን ነው። ተነስቶ መስኮቱን ከፈተ።

ከሰዓት በኋላ ባለሙያዋ ደወለች። ድካም ቢሰማበትም ድምፅዋ ጠንክሯል። "ከባልዲዎቹ አንደኛው እርሳስ ነው። እርሳሱ ብቻ ቢሆን አልደውልም ነበር። አብረውት በጥቂቱ ያሉት ሌሎቹ ብረቶች፣ ቢስሙቱ፣ ብሩ፣ መዳቡ፣ መጠናቸው በባልዲውም በቆርቆሮውም አንድ ነው። ከአንድ ባልዲ የተቀዱ ናቸው። ሦስት ጊዜ ለካሁት። ሁለተኛውንም ጉብታ አየሁት።"

"እንግዲህ አለቀ!" አለ ሬዲዮ። "እታለምን እናምጣ።"

"ምራቲቱም በሳምንት ሁለት ሦስቴ ማምረቻው ድረስ ምሳ ታመላልስላት ነበር። ባልዲዎቹ ክፍት ናቸው፤ እሷም ከዚያ መዝገን ትችላለች።" ኢንስፔክተሩ ቆቡን በእጁ አዟዟረ። "መሣሪያው ዱቄቱ ከየት እንደመጣ ነገረን። በማን እጅ እንደመጣ ግን አያውቅም። ጠበቃ ቢይዙ ሁለቱንም እናጣለን።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ገዳዩ አንድ ነገር ያውቃል፤ አርሴኒክ እንዳልሆነ።"

* * *

ኮሪደሩ ውስጥ ወንድምና እህት ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኛቸው። እታለም የሚጢን ሹራብ ጭኗ ላይ አጣጥፋ ይዛለች። ኢንስፔክተሩ ከፊታቸው ቆመ። በሥራ ዘመኑ ብዙ ዋሽቷል፤ እንደዚህኛው ያስጠላው ግን የለም።

"ሐኪሙ ለአርሴኒክ የሚሰጠውን መድኃኒት ሊጀምርላት ነው" አለ። "ከባድ መድኃኒት ነው። ላቦራቶሪው አርሴኒክ ስላለ ሌላ አማራጭ የላቸውም። መርዙ ሌላ ቢሆን ግን አይሠራላትም፤ ልትሞት ትችላለች።"

"ይስጧት እንጂ!" አለ ሹፌሩ ብድግ ብሎ። "አርሴኒክ ከሆነ አርሴኒክ ነዋ! ምን ይጠበቃል?"

እታለም ሹራቡን ዘረጋችው። ደግማ አጣጠፈችው።

"ቆርቆሮውን አልነካችም" አለች ቀስ ብላ። "አትነካም። ማንም አይነካውም። ምን አድርጋ ትመረዛለች? ጉንፋን ይሆናል፣ ሆድ ይሆናል።"

"አባታችሁ ያጠጧት ነበር። ምራታችሁ ወጣ ስትል፣ በየቀኑ፣ የብርጭቆውን የታችኛውን ይተዉላት ነበር" አለ ኢንስፔክተሩ። "የታችኛው ነው የሚጣፍጠው አለችኝ።"

አንዲት ነርስ የመድኃኒት ጋሪ እየገፋች በመሃላቸው አለፈች። ጋሪው ሚጢ ወደተኛችበት ክፍል ታጠፈ።

እታለም ተነሳች። ሹራቡ ወደቀ።

"አስቁሟት" አለች። ማንም አልተንቀሳቀሰም። "ሰዎች፣ አስቁሟት! አርሴኒክ አይደለም! እርሳስ ነው፣ ከእኔ ባልዲ ነው፣ እኔ ነኝ! ለሐኪሙ ንገሩት፣ እርሳስ በሉት!" በሩን ልትገፋው ስትል ሬዲዮ መሃል ገብቶ ያዛት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሬዲዮው ተዘግቷል።

"እታለም?" አለ ወንድሟ። "እታለም፣ ምን እያልሽ ነው?"

"እህቴ፣ ይቀመጡ" አለ ኢንስፔክተሩ። "የእርሳሱን መድኃኒት ከጠዋት ጀምሮ እየሰጧት ነው። ሐኪሙ ያውቃል። ትድናለች ብሏል።"

እታለም አየችው፤ ለረጅም ጊዜ አየችው። ግድግዳውን ታካ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

"ዝም ብዬ ቢሆንስ ኖሮ?"

"ያው ነበር። ትድን ነበር።"

ራሷን ነቀነቀች። ትናደድብኛለች፣ ትሰድበኛለች ብሎ የጠበቀው ኢንስፔክተር ተሳሳተ። ፊቷ ላይ ያየው ሸክሟን ያወረደች ሴት ድካም ነው።

"ልገድላቸው አልነበረም መጀመሪያ" አለች፣ ለማንም ሳይሆን። "ወተታቸውን ስገዛ ትንሽ ጨመርኩበት። እንዲደክማቸው። ሲደክማቸው አይጮሁም። ቤቱ ጸጥ አለ። አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ፣ ማንም ሳይጠራኝ፣ ቁጭ ብዬ ጫማዬን አወለቅኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ተቀምጬ አላውቅም። ከዚያ ማቆም አቃተኝ።"

"ሚስቴስ?" አለ ሹፌሩ። ድምፁ የሚወጣው ከሆዱ ውስጥ ነው። "እሷ እስር ቤት ስትበሰብስ፣ አንቺ ልጄን እያቀፍሽ ታድሪ ነበር?"

"በየቀኑ፣ ነገ እናገራለሁ እል ነበር።" ሹራቡን ከወለሉ አንስታ አቧራውን አራገፈችና ለወንድሟ ዘረጋችለት። አልተቀበላትም። አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው። "ኢንስፔክተር፣ እናቷን ቶሎ ፍቷት። ሚጢ ስትነቃ ሰው ትፈልጋለች፤ ሲያማት ብቻዋን መሆን አትወድም።"

"መኪና ልኬያለሁ። መንገድ ላይ ናት።"

ሬዲዮ ካቴናውን አወጣና ኢንስፔክተሩን አየው፤ ኢንስፔክተሩ ቆይ በሚል እጁን አነሳ። መፍቀድ የለበትም፤ ግን ፈቀደ። የሚጢን ክፍል በር በስሱ ገፋ አድርጎ ከፈተላት። ልጅቷ በጎኗ ተኝታለች፤ ክንዷ ላይ መርፌው በፕላስተር ተይዟል። ዓይኗ ገርበብ ብሏል።

"ይግቡ። አንድ ደቂቃ" አላት።

እታለም ደጃፉ ላይ ቆመች። አንድ እግሯን አስገባችና መልሳ አወጣችው።

"አልገባም" አለች። "ካየችኝ እጇን ትዘረጋልኛለች።"

ኢንስፔክተሩ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።